ኑግ ሲያብብ አብረን እንውጣ

ውድ አንባቢ፣ ከትዳር ጓደኛህ ወይም ከትዳር ጓደኛሽ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ የወጣችሁት መቼ ነው? ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለኮንፈረንስ የተሄደውን አትቁጠሩት። ሥራ ሳይጠራችሁ፣ ሰው ሳይጠብቃችሁ፣ አገር ለማየትና እርስ በርስ ለመተያየት ብቻ የወጣችሁበትን ማለቴ ነው። ይህን ጥያቄ ለባለትዳር እህቶች ሳቀርብ አብዛኞቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። አንዲት እናት ግን «የጫጉላ ጊዜዬን ነው የምትጠይቂኝ? እርሱንም ያሳለፍሁት ለአማቶቼ እንጀራ ስጋግር ነው» ብለው መለሱልኝ።

የአገልጋይ ቤትም ከዚህ የተለየ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሃያ አንድ ዓመት ሆኖናል። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስንበት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ነገር ግን ሁልጊዜ ያየነው በመኪና መስኮት ነው፤ ስንሄድ ለመድረስ እየቸኮልን፣ ስንመለስ ደክሞን እያንቀላፋን። ዘንገና ሐይቅ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ እንደሚገኝ እያወቅን አንድም ቀን ወርደን አላየነውም።

ሰኞ ሰኞ የሚያርፍ ሰው

በ2014 ዓ.ም ባለቤቴ ደም ግፊት እንዳለበት ታወቀ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፉለት በኋላ፣ «መጋቢ፣ ለመሆኑ የሚያርፉት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ሰኞ ሰኞ» አለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር ሐኪሙን ዝም ብዬ አየኋቸው። ሰኞ ቤታችን የሚመጡት ባለጉዳዮች ቁጥር ከእሁዱ ጉባኤ ብዙም አይተናነስም፤ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ የታመመ ሰው የሚጸለይለት። እኔም ከማለዳ ጀምሮ ቡና ሳፈላ እውላለሁ። ሐኪሙ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ «እንግዲያስ ሰኞን ከቤት ውጭ ያድርጉት» አሉ።

ከቤት መውጣት! ቃሉ ቀላል ነው። ወዴት? መቼ? በምን ገንዘብ? ማን ይተካ? ልጆቹን ማን ይይዝ? ያን ዕለት ማታ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣሁና የመጀመሪያውን ገጽ «ጉዞ» ብዬ ጻፍሁበት። ሐሙስ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ሰዓት እየተቀመጥን ልናቅድ ተስማማን።

የቱሊፕ አገር ሰዎች

በጉባኤያችን ያሉ አንዲት እናት ሆላንድ አገር የምትኖር ልጅ አለቻቸው። በዚያ ሰሞን ከባለቤቷ ጋር በብስክሌት ገጠሩን ስትጎበኝ የተነሣችውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ልካላቸው አሳዩኝ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ በየመካከሉ የውኃ ቦይ ያልፋል፤ የቱሊፕ አበባው ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ እየሆነ እንደ ጥልፍ ተዘርግቷል። ሊሰ በምትባል ከተማ አጠገብ ኩከንሆፍ የሚሉት የታወቀ የአበባ ሥፍራ አላቸው። በዓመት ክፍት የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ስምንት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ለእነዚያ ስምንት ሳምንታት ሰባት ሚሊዮን ያህል፣ ሽንኩርት የሚመስሉ የአበባ ሥሮች ከወራት በፊት፣ ብርዱ ሳይገባ በእጅ ይተከላሉ። ልጅቷ ለእናቷ፣ «እዚህ ሰው የሚያርፍበትን ቀን ከወራት በፊት ነው የሚጽፈው» ብላ ነገረቻቸው።

በዚያው ሜዳ የሚያርሱት ገበሬዎች አብዛኛውን ጊዜ አበባውን ለገበያ አይፈልጉትም። የሚሸጡት ከአፈር በታች ያለውን ሥር ነው። ስለዚህ አበባው ፈክቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ራሱን ይቆርጡታል፤ ኃይሉ ሁሉ ወደ ሥሩ እንዲወርድ። ያ ሁሉ ጎብኚ የሚደሰትበት ውበት ለገበሬው የሥራው ማለፊያ ነው።

ይህን ስሰማ የእኛ ኑግ ትዝ አለኝ። ጎጃም ውስጥ ኑግ የሚዘራው ለዘይቱ ነው እንጂ እንዲታይ አይደለም። ግን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ከቡሬ ወደ ዳንግላ ሲኬድ ግራና ቀኙ ቢጫ ምንጣፍ ይመስላል። አደይ አበባም ከዚያው ቀደም ብላ ሜዳውን ትሸፍነዋለች። በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው ወቅት ቢሆንም፣ የእኛ የአበባ ወራት መስከረምና ጥቅምት ነው። ክረምቱ አፈሩን አርሶ ይሄዳል፤ ፀሐይ ትመለሳለች፤ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። ከኅዳር በኋላ አደይን ፈልጎ የሚወጣ ሰው ድርቆሽ ያገኛል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የወሰንነው ቀኑን ነበር፤ ከመስቀል በኋላ፣ የልጆቹ ትምህርት መስመር ሲይዝ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። እሁድን ለጉባኤው ተውነው።

አንድ ወንዝ ተከትለን

የመጀመሪያው ዕቅዳችን ረጅም ነበር። ባለቤቴ የጎንደርን ግንብ፣ የዘጌን የቡና ደን፣ ጮቄ ተራራን ጨመረ። እኔ ደግሞ ስድስት ቀን ስድስት ቀን ብቻ እንደሆነ አሳሰብሁ። ሐሙስ በሐሙስ እየሰረዝን መጣን። የምትሰርዙት ነገር ካልበዛ ዕረፍቱ ተመልሶ ሥራ ይሆናል። በመጨረሻ የቀረው አንድ ሐሳብ ነበር፤ አባይን ከምንጩ እስከ ፏፏቴው ተከትለን መሄድ፣ በቀንም ከአንድ ነገር በላይ አለማየት።

ሰኞ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ቡሬ ድረስ ብቻ። «ይህችንማ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንጨርሳታለን» አለ ባለቤቴ። መጨረስ አይደለም ቁም ነገሩ። በመካከል ማንኩሳ አለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የተወለደባት ስፍራ። መጽሐፉን ይዘን ወርደን፣ እሸት በቆሎ እያስጠበስን፣ ባለቤቴ ጥቂት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብልኝ ቃል ገባ። በጉባኤ ፊት ሃያ ዓመት ሲያነብ የኖረ ሰው ለእኔ ብቻ ያነበበበት ቀን የለም። ቡሬ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ነቀምቴ ይሻገራል፣ ሌላው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል።

ማክሰኞ ከቡሬ ወደ ቲሊሊ፣ ከቲሊሊ ዋናውን መንገድ ለቅቀን ወደ ሰከላ፣ ግሽ አባይ። ከዚህ የሚነሣው ግልገል አባይ ነው ወደ ጣና የሚገባው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ደርሰው ጽፈዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ከእነርሱ በፊት ያውቀው ነበር። ለኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጸበል ያለበት የከበረ ቦታ ስለሆነ፣ በደብተሩ ላይ «ነጠላ፤ ጫማ ማውለቅ፤ ከመግባት በፊት መጠየቅ» ብዬ ጻፍሁ። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው የባለቤቱን ሥርዓት ማክበር አለበት።

ረቡዕ ዘንገና። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን፣ መካከሉ ጥልቅ። በዚያ ቀን ከመቀመጥ በቀር ምንም አልጻፍንም። አዳር እንጅባራ።

ሐሙስ በዳንግላና በመራዊ አድርገን ባሕር ዳር። የኑጉ ቀን ይህ ነው። ከመራዊ በፊት ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን በድልድይ እንሻገራለን። ማክሰኞ ከምንጩ ዳር ሆነን ያየነው ውኃ ሐሙስ ድልድይ የሚያሻው ወንዝ ይሆናል።

አርብ ጢስ ዓባይ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል። ግን ወቅቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃው ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል፤ ሁለተኛው ጣቢያ በ1993 ዓ.ም ከተሠራ ወዲህ ደግሞ በበጋ የሚሄድ ሰው ባዶ ገደል ሊያይ ይችላል። መስከረምና ጥቅምት ግን ክረምቱ የሞላው ወንዝ ስላለ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ቁርስ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ይኸው ነው። ስድስት ቀን፣ አንድ ወንዝ። የእኔን የዕቁብ ድርሻ ለመኪናና ለአልጋ፣ እርሱ ደግሞ በየወሩ ከደመወዙ ትንሽ ትንሽ ሊያስቀምጥ ተስማማን። ደብተሩ ላይ ሁለት ሕግ ጨመርሁ፤ «የስብከት ግብዣ አንቀበልም። ስልክ የሚከፈተው ማታ ለልጆቹ ብቻ ነው።»

«ምእመናኑስ?»

አንድ ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ደብተሩን ዘጋና፣ «ሰዎቻችን ዘይት መግዛት አቅቷቸው እኔና አንቺ ሽርሽር ብንወጣ ምን ይላሉ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ አቅልላችሁ አትዩት፤ ቅን ጥያቄ ነው። ብዙ አገልጋዮችና ብዙ ትጉህ አባወራዎች ልባቸውን የሚይዛቸው ይኸው ነው።

ያን ማታ ሁለት ቦታ አነበብን። አንዱ ማርቆስ 6 ነው። ደቀ መዛሙርቱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በዝቶ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ወቅት ነው ጌታ ገለል ብለው እንዲያርፉ የነገራቸው። ችግረኛው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ቢጠብቅ አያልቅምና። እውነት ነው፣ ሕዝቡ ተከትሏቸው ሄዷል፤ ጌታም አዝኖላቸው አስተምሯቸዋል። ማረፍ በሩን ለዘላለም መዝጋት ማለት አይደለም። ሌላው ዘዳግም 24 ነው። አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻና ከሌላ ግዴታ ነፃ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ሕጉ አዘዘ። ጦርነት በማይጠፋበት ዘመን ለተጻፈ ሕግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «እኛ ዓመቱን አልጠየቅንም፤ ስድስት ቀን ነው» አልሁት። ሳቀ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ራሱ ነገራቸው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ «መጋቢ፣ በሬም ይፈታል» ብለው ብቻ መለሱ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ሰኞ መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም።

የተዘጋ መንገድ

የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ በረታ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በከተማችን በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች እንደሞቱ በወቅቱ ተዘግቧል። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩና ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። የዕቁቡ ገንዘብ ለጤፍና ለዘመድ ሄደ። መስከረም 21 መጣ፣ ሄደ። ያን ዕለት ባለቤቴ ለለቅሶ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም ኖሯል። ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደውሎ መጠየቅ ለምዷል። እንግዲህ ይህን የምጽፍላችሁ «ተነሡና ጎጃምን ጎብኙ» ለማለት አይደለም። እምነት አለኝ ብሎ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ጌታን መፈታተን ነው።

ታዲያ ዕቅዱ ከንቱ ቀረ? እኔም ይህን ጠይቄአለሁ። ደብተሩን ወደ ሣጥን ልከተው ስል ባለቤቴ፣ «ሐሙሱን አትሰርዢው» አለኝ። አልሰረዝነውም። መብራት በጠፋበት ማታም በሻማ ተቀምጠን ስለ ዘንገና አውርተናል። አንዳንዴም አዲስ ነገር እንጽፋለን። ለምሳሌ በግንቦት 2016 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ የአባይ ድልድይ ተመረቀ። «ቅዳሜ ጠዋት፣ በእግር» ብለን ጨመርነው።

ከከተማው ዳር

በ2017 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ወንድማችን፣ ከከተማው ብዙ የማይርቅ እርሻ ያላቸው ገበሬ፣ «ኑጌ አብቧል፤ ኑና እዩ» ብለው ጠሩን። ቀኑ ጸጥ ያለ ነበር፤ እርሳቸውም የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቀው ነበር የጠሩን። ሰኞ ጠዋት ስልካችንን ቤት ትተን በእግራችን ሄድን።

ቢጫው እስከ ወገባችን ይደርሳል። ንቡ ይጮኻል። ገበሬው ቀፎአቸውን እያሳዩን፣ «ኑጉን ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ይመነምናል፤ ንቡም ያለ ኑግ ማር አይኖረውም» አሉን። ከዚያ እሸት ጠብሰው ሰጡንና ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔና ባለቤቴ ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ምንም አላወራንም። ሰው አልመጣም፤ ስልክ አልጮኸም።

ከዚያ ባለቤቴ ማውራት ጀመረ። በዚያ ነሐሴ የቆመባቸውን ቀብሮች አንድ በአንድ ነገረኝ። የማንን ሬሳ እንዳነሣ፣ ለየትኛዋ እናት ምን ማለት እንዳቃተው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃ እንደሚቀመጥ፣ እኔን ላለመቀስቀስ ወደ ሳሎን እንደሚወጣ ነገረኝ። ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ማዕድ እየቆረስን ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም ነበር። በቤታችን ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሰዓት አልነበረም። ሌላውን የሚያጽናና ሰው የራሱን እንባ የሚያፈስበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያ ቦታ የኑግ እርሻ ሆነ። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ጸለይን። ስንመለስ እጄን ይዞኝ ነበር። ገበያ የምትሄድ አንዲት እናት አይተውን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ያን ቀን ግሽ አባይን አላየንም። ግን ጉዞው ለምን እንደሚያስፈልገን አየን። የደም ግፊቱ መድኃኒት አልቀረም፤ ሌሊቱም በአንድ ቀን አልተስተካከለም። አሁን ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነቃ ይቀሰቅሰኛል።

እናንተስ?

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር አውጡ። መጀመሪያ ቀን ጻፉ፤ ቀን የሌለው ዕቅድ ምኞት ነው። ቀጥሎ የምትወዱትን ሁሉ ጻፉና ግማሹን ሰርዙ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን በየወሩ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ያላችሁ እንጦጦ ወይም የመናገሻ ሱባ ደን ሩቅ አይደለም፤ ደቡብ ያላችሁ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር አለላችሁ። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ በእግር ሄዳችሁ የምትመለሱበትን የጎረቤት እርሻ ፈልጉ። ልጆቹን ለአንድ ቀን የሚይዝላችሁ ሌላ ባልና ሚስት ፈልጉና ተራ ተለዋወጡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጋቢያችሁን «መቼ ያርፋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ቀኑን ቆርጣችሁ ስጡት፤ ባለቤቱንም አብራችሁ ላኳት።

ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ ነገ የሚያቅዱ ሰዎችን ሲገሥጽ ዕቅዱን አልከለከለም፤ ጌታ ቢፈቅድ ማለትን አስተማረ። የእኛም ደብተር ላይ ከቀኑ ጎን እንዲሁ ተጽፏል። የምንኖርባት ከተማ ስም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በሉቃስ 1 ካህኑ ዘካርያስ እግሮቻችን እንዲቀኑበት የተነበየለት መንገድ። ስለ ከተማችንና ስለ መንገዶቿ ጸልዩ። መንገዱ ሲከፈትም ከቡሬ እስከ ዳንግላ ኑጉ ሲያብብ ኑና እዩልን፤ አልጋ የሚከራይ፣ እሸት የሚጠብስ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ ብዙ ሰው እንግዳ ይጠብቃል።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።